የቀረውን ማን ይጠይቃል?

የፎል ሴሚስተር ተከፍቶ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ የአገልግሎት ክበባችን ጠረጴዛ በሰው ይከበባል። ቆሎው፣ ድፎ ዳቦው፣ የሐበሻ ቀሚስ የለበሱት ልጆች፣ ከስፒከሩ የሚወጣው ዘፈን አላፊ አግዳሚውን ይጠራል። የስም መመዝገቢያው ገጽ በገጽ ይሞላል፤ የቴሌግራም ግሩፑ ሲንጫጫ ያድራል። ከዚያ ሚድተርም ይመጣል፣ ሰዓት ይቀየራል፣ ቀኑ ያጥራል። የታንክስጊቪንግ ሳምንት ሲደርስ ለሥራ የሚመጣው ሰው በአንድ ሚኒቫን ተጭኖ ያልቃል። ጃንዋሪ ላይ ደግሞ እንደገና ጠረጴዛ ዘርግተን፣ እንደገና ቆሎ ገዝተን፣ "አባል እንፈልጋለን" እንላለን።

በዚህ አካባቢ ሌሎች ኮሌጆች የሚማሩ ጓደኞቼም ይህንኑ ይነግሩኛል። ስለዚህ በየዓመቱ ስብሰባ ላይ የሚነሣው ጥያቄ "ብዙ ሰው እንዴት እንመዝግብ?" የሚል ነው። እኔ ግን ችግራችን ምዝገባው ላይ ነው ብዬ አላምንም። መመዝገብማ እንችልበታለን። ያቃተን ነገር የተመዘገበው ልጅ አንድ ቅዳሜ ሲቀር "ምነው ቀረህ?" የሚለው ሰው ማግኘት ነው። አባል የሚቆየው የእኔ የሚለው ሥራ ሲኖረው፣ በዚያ ሥራ ላይ የሚጠብቀው ሰው ሲኖር፣ ሲቀርም መቅረቱ ሲታወቅ ነው። እነዚህ ከሌሉ ቲሸርቱም ፒዛውም አያቆየውም።

"ጊዜ የለንም"

ስለ አባላት መጥፋት ስናወራ መጀመሪያ የሚመጣው መልስ "ተማሪ ጊዜ የለውም" የሚለው ነው። እውነትነት አለው። ኮሌጃችን ማደሪያ የለውም፤ ክላስ ሲያልቅ ሁሉም ወደ መኪናው ነው። አንዱ ለማታ ሺፍት ወደ ሬገን ኤርፖርት ይሮጣል፣ አንዷ ታናሽ ወንድሟን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ስፕሪንግፊልድ ትሄዳለች፣ ሌላው አሌክሳንድሪያ ጋዝ ስቴሽን ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል። እኔ የምኖርበት በርክ ደግሞ ያለ መኪና የሚከብድ ሰፈር ነው። ሜትሮ የለንም፤ ፍራንኮኒያ ስፕሪንግፊልድ ድረስ መሄድ አለብን። በርክ ሴንተር ላይ የሚቆመው የቪአርኢ ባቡር ጠዋት ወደ ዋሽንግተን ገብቶ ማታ ለሚመለስ የቢሮ ሠራተኛ ታስቦ የተሠራ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጣ ልጅ ቤልትዌዩን ይዞ፣ የአሜሪካን ሌጅን ድልድይን ተሻግሮ፣ ትራፊኩን ታግሶ ነው እዚህ የሚደርሰው። እንዲህ ያለ ሰው "አልቻልኩም" ቢል ልንፈርድበት አይገባም።

ነገር ግን እነዚሁ ልጆች ጊዜ የሚያገኙለት ነገር አለ። ሰኞ ማታ ለእኛ ስብሰባ ጊዜ ያጣችው ልጅ የሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ልምምድ አትቀርም። ዝናብም በረዶም ቢሆን እሑድ ማለዳ የሕፃናት ቁርኣን ክፍል የሚያስተምር ልጅ አውቃለሁ፤ በፈተና ሳምንት እንኳን አይቀርም። እግር ኳስ የሚጫወቱትን ደግሞ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ ጁላይ ላይ ለሚያካሂደው ውድድር ቡድኖች ክረምቱን በብርድ ሲለማመዱ ይከርማሉ። ለዚያ ማንም ሰርተፊኬት አይሰጣቸውም።

ልዩነቱ ምንድን ነው? መዘምራን መካከል አንድ ድምፅ ሲጎድል ይሰማል። ተከላካዩ ካልመጣ በአሥር ሰው ነው የሚጫወቱት፤ ስለዚህ ገና ጨዋታው ሳይጀመር ስልኩ ይጮኻል። የቁርኣን መምህሩ ከቀረ ሕፃናቱ በር ላይ ቆመው ይቀራሉ። እኛ በርክ ሌክ ፓርክ ቆሻሻ ልንለቅም ስንሄድ ግን ሠላሳ ሰው ቢመጣም አሥር ሰው ቢመጣም ቀኑ ያው ቀን ነው። አሥራ አንደኛው ሰው መቅረቱን የሚያውቅ የለም፤ እሱም ማንም እንዳላወቀ ያውቃል። በሚቀጥለው ጊዜ መቅረት ይቀለዋል። የሐይቁን ዳር ማጽዳት ጥሩ ሥራ ነው፣ ይቀጥል። የክበብ መሠረት ግን ሊሆን አይችልም።

እድርና ደቦ

ወላጆቻችን ይህን ጉዳይ ከእኛ በፊት ፈትተውታል። አዲስ አበባ ውስጥ እድር ምን እንደሚመስል አስቡ። ወርሃዊ መዋጮ አለ፤ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ሰሃኑ ማን እጅ እንዳለ ይታወቃል። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው በየደጁ ያልፋል። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢም ስሙ እድርም ይባል መረዳጃ ማኅበር፣ ወላጆቻችን ያቋቋሟቸው ማኅበራት ሰው ሲሞት የቀብሩን ወይም አስከሬን ወደ አገር ቤት የመላኩን ወጪ ይሸፍናሉ። ሰዎች በእነዚህ ማኅበራት ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ይቆያሉ።

እድር ሰውን የሚያቆየው ስለሚያዝናናው አይደለም። የእድር ስብሰባ ተሳትፎ የሚያውቅ ሰው ይህን አይክደኝም። የሚያቆየው ግዴታው ግልጽ ስለሆነ፣ መቅረቱ ስለሚታወቅ፣ ነገ ደግሞ ተራው የእሱ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

እርግጥ ነው፣ እድርን እንዳለ መገልበጥ አንችልም። የሃያ ዓመት ልጅን "ስትሞት እንቀብርሃለን" ብለን አንመለምለውም። ቅጣት ብንጥል ይስቅብናል። አብዛኞቻችን ደግሞ ኮሌጁ ውስጥ የምንቆየው ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወደ ጆርጅ ሜሰን ወይም ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ እናልፋለን። የምንወስደው ሌላ ነገር አለ፦ ስም ጥሪውን፣ ተራውን፣ የድስቱን ቁልፍ ማን እንደያዘ ማወቁን።

ደቦንም አስቡት። ገበሬው ጎረቤቶቹን ሲጠራ ለአጨዳ ወይም ለአረም ነው፤ ቀኑ ይታወቃል፣ ማሳው ይታወቃል፣ የማን እንደሆነ ይታወቃል። "በጠቅላላው ለግብርና ልማት እንድትሳተፉ" ብሎ ደቦ የሚጠራ የለም። የእኛ ማስታወቂያ ግን ዘወትር እንዲህ ነው የሚለው፦ "ማኅበረሰባችሁን ለማገልገል ተቀላቀሉን!" የትኛውን ማኅበረሰብ? ማንን? መቼ? ይህን ያነበበ ልጅ ሐሳቡን ወድዶት ስሙን ይጽፋል፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ከአልጋው የሚያስነሣው ነገር አላገኘም።

ብናስገድድስ?

አንዳንድ ጓደኞቼ መፍትሔው ጠንከር ማለት ነው ይላሉ፦ በሴሚስተር ይህን ያህል ሰዓት ያልሠራ ይሰረዝ። በግዴታ አገልግሎት ረገድ አገራችን ብዙ ታሪክ አላት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎች ዲግሪ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር፤ አብዛኞቹ መምህር ሆነው ሄዱ። አስተማሪ ያልነበራቸው ትምህርት ቤቶች አስተማሪ አገኙ፣ የከተማው ልጅም ገጠሩን አየ። አሥር ዓመት ቆይቶ በ1967 ዓ.ም. ደርግ የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻን አወጀ፤ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ዘመቱ። ዘመቻው ሳይጠናቀቅ ብዙዎቹ ጣቢያቸውን ጥለው ጠፉ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በኋላ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል።

ከዚህ ሁሉ እኔ የምወስደው ትዕዛዝ ሰውን ከቤቱ ማስወጣት እንደሚችል ነው። አንዳንዴም ትልቅ ሥራ ያሠራል። ትዕዛዙ ሲያበቃ ወይም ሰው በትዕዛዙ ማመን ሲያቆም ግን የሚቆየው እዚያ የተሰጠውን ክፍልና የተማሪዎቹን ስም የያዘው ሰው ነው።

እዚሁ ቅርባችንም ምሳሌ አለ። ሜሪላንድ ከሃይስኩል ለመመረቅ 75 ሰዓት የአገልግሎት ትምህርት ትጠይቃለች። ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጡ አባሎቻችን ሁሉም አልፈውበታል። ሲያወሩ ሁለት ዓይነት ታሪክ ነው የምሰማው። አንዱ ወረቀቱ ተፈርሞ እንዳለቀ ቦታውን ዳግም አልረገጠም፤ ሌላው ሰዓቱን ከጨረሰ በኋላም ሄዷል፣ ምክንያቱም እዚያ ስሙን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ቨርጂኒያ ግዴታ የላትም፤ 50 ሰዓት የበጎ ፈቃድ ሥራ ግን በዲፕሎማ ላይ ለሚለጠፈው የሲቪክስ ማኅተም ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ነው።

ሰዓት የሚፈልግ አባልንም ልናሳፍረው አይገባም። ነርሲንግ ለመግባት የሚያመለክት፣ ስኮላርሺፕ የሚፈልግ ልጅ ወረቀት ያስፈልገዋል። በ1998 እ.ኤ.አ. ጊል ክላሪ፣ ማርክ ስናይደርና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በጎ ፈቃደኛ የሚሆኑባቸውን ስድስት ዓይነት ምክንያቶች ለይተው ነበር፤ ሰውን መርዳት፣ አዲስ ነገር መማር፣ ከወዳጆች ጋር መሆን፣ ለሥራ መዘጋጀት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ሰዎቹ የመጡበትን ምክንያት የሚመልስ ሥራ ሲያገኙ ይበልጥ ይረካሉ፣ ለመቀጠልም ይበልጥ ያስባሉ። ስለዚህ አዲስ አባል ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው የቲሸርቱን መጠን መሆን የለበትም። "ለምን መጣህ? ምን ትችላለህ?" ብለን እንጠይቀው።

የሚጠብቅ ሰው

እንግዲህ ምን ሥራ? መልሱ ከማንም ይልቅ እኛ ልንሠራው የምንችለው ነው። ቆሻሻ ለመልቀም አማርኛ አያስፈልግም። በዚህ አካባቢ ግን ለዓመታት ግሪን ካርድ ይዘው፣ የዜግነት ፈተናውን ፈርተው ሳያመለክቱ የተቀመጡ ብዙ እናቶችና አባቶች አሉ። ዕድሜያቸው 50 ሆኖ 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖሩ ሰዎች ከእንግሊዝኛው ፈተና ነጻ መሆናቸውን፣ የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውንም በራሳቸው ቋንቋ በአስተርጓሚ መመለስ እንደሚችሉ ብዙዎቹ አያውቁም። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ለሚያመለክቱት ደግሞ ፈተናው ከብዷል፤ የሚጠናው 128 ጥያቄ ነው፣ እስከ 20 ይጠየቃሉ፣ 12 መመለስ አለባቸው። ከዚያ በፊት ያመለከቱት 100 ጥያቄ አጥንተው ከ10 ውስጥ 6 መመለስ ይበቃቸው ነበር። ዲሲ ውስጥ በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ስለሚያካትት የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ማገልገል አለባቸው። ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ያ ሕግ የለም። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ ልጆች ሥራ ላይ ናቸው፤ ፖስታው ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ ይከርማል።

ክበባችን ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍት የዜግነት ጥናት ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ያደራጀነው እንደ ሁልጊዜው ነው፦ በግሩፑ ላይ "ማን ይመጣል?" ብሎ መጠየቅ፣ አውራ ጣት የሚያነሡትን መቁጠር። አንድ ቅዳሜ አምስት እናቶች መጥተው ጠበቁ። አውራ ጣት ያነሡት ልጆች እያንዳንዳቸው ሌላው ይሄዳል ብለው ማንም አልሄደም። ከእናቶቹ አንዷ ኢንተርቪዋቸው በሚቀጥለው ሳምንት ነበር፤ ለጥናቱ ብለው ከሥራ ፈቃድ ወስደው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ነው የመጡት። አንድ ሰዓት ተኩል ጠብቀው ተመለሱ። ማንንም አልተቆጡም። "ልጆቹ ትምህርት ይዟቸው ይሆናል" ነው ያሉት። ልጆቹም ክፉ ልጆች አልነበሩም፤ ማንም "ይህች እናት የአንተ ናቸው" አላላቸውም።

ከዚያ በኋላ አሠራሩ ተለወጠ። እያንዳንዱ ተማሪ ከአንድ እናት ወይም አባት ጋር ተጣመረ፤ ስልክ ተለዋወጡ። ያኔ ማንም ያላሰበው ነገር መጣ። ዓርብ ማታ የሚደውሉት እናቶቹ ራሳቸው ሆኑ። "ልጄ፣ ነገ ትመጣለህ አይደል? ስለ ሴኔቱ ያለው አልገባኝም።" ለዚህ ጥያቄ "አልመጣም" ማለት እንዴት ይቻላል? የክበቡን ስብሰባ በተከታታይ የቀረ ልጅ ከቅዳሜው ጥናት አንድ ቀን አልቀረም። የሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ ከነበሩት አባላት አብዛኞቹ የጥናቱ ልጆች ነበሩ፤ ማንም አልለመናቸውም።

የቀረ አባል የክበብ ቁጥር መቀነስ ብቻ የሚመስለን ከሆነ ጉዳዩን የምናየው ከእኛ ወገን ብቻ ነው። ከዚያ ወገን አንዲት እናት ቦርሳቸውን ይዘው፣ የታጠፈውን ወረቀት ደጋግመው እያነበቡ ተቀምጠዋል። አባላትን ስለ ማቆየት የምንነጋገረው ስለ እሳቸው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። አማርኛ ስለቻልን ሁሉን ማድረግ እንችላለን ማለት አይደለም። ማጥናት ማስጠናት እንችላለን፤ "ይህን ቅጽ ሙሉ፣ ይህን አትጻፉ" ብሎ መምከር ግን የጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው፤ ስሕተቱ ሰው ያስጎዳል። ሐኪም ቤት ገብቶ ማስተርጎምም እንዲሁ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ የእኛ ሥራ እናቶቻችን ያንን እንዲጠይቁ መንገር ነው። ወሰኑን ያወቀ አባል አይደነግጥም፣ የማይችለው ሸክምም አይጫንበትም። ብዙ ጊዜ ጎበዞቹ የሚጠፉት ሁሉንም ስለምንጭንባቸው ነው።

እንዴት እናድርገው?

ከዚህ ተነሥቼ ለመጪው ሴሚስተር የምለው ይህን ነው። ጠረጴዛውን እንዘርጋ፣ ቆሎውም ይኑር። ነገር ግን ለሚመዘገበው ልጅ የምንሰጠው ወረቀት የተወሰነ ሥራ የተጻፈበት ይሁን፦ ቦታው በርክ ሴንተር ቤተ መጻሕፍት፣ ቀኑ ቅዳሜ፣ ለስድስት ሳምንት፣ ከአንዲት እናት ጋር። ሰዓቱን ደግሞ በሁለቱም አቆጣጠር እንጻፈው። "10 ሰዓት" ስንል እኛ ጠዋት ማለታችን ነው፤ ለእናቶቻችን ግን 10 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው። ስድስት ሳምንት ያልኩት ሆን ብዬ ነው። "ለሁልጊዜ" የተባለ ነገር ሰውን ያስፈራል፤ መጨረሻው የሚታወቅ ሥራ ግን ይሞከራል። ስድስቱን የጨረሰ ልጅ ተመስግኖ ይሂድ። ብዙዎቹ እንደማይሄዱ ታያላችሁ።

ሁለተኛ፣ መኪና ያለውና የሌለው አብረው ይመደቡ። በርክ ላይ ራይድ ማለት አባልነት ማለት ነው። አብረው የሚመጡ ሁለት ልጆች መንገድ ላይ ያወራሉ፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይጠራዋል።

ሦስተኛ፣ የሚደውል ሰው ይኑር። ፕሬዚዳንት፣ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ የሶሻል ሚዲያ ኃላፊ አለን፤ የቀረውን የሚጠይቅ ግን የለንም። ቴሌግራም ላይ ለሁሉም የተጻፈ ነገር ለማንም እንዳልተጻፈ ነው። እሑድ ማታ አምስት ስልክ የሚደውል አንድ ሰው ከሁሉም ሥልጣን ይበልጥ ይጠቅመናል። ጥሪው ወቀሳ አይሁን። "ምነው፣ ደኅና ነህ?" ይበቃል። አንዳንዴ መልሱ "እናቴ ታማለች" ወይም "ሺፍቴ ተቀየረ" ይሆናል፤ ያኔ ክበቡ ለአባሉም ይደርሳል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ሁለት ዓመት ቆይተን የምንሄድ መሆናችንን ከመጀመሪያው እንቀበል። ስለዚህ የሥራው ደብተር ይኑር፤ የትኛዋ እናት እስከ ስንተኛው ጥያቄ እንደደረሱ፣ ቤተ መጻሕፍቱን ለክፍሉ ማን እንደሚያናግር፣ ምን ሞክረን ምን እንዳልሠራ ይጻፍበት። የሚሄደው ልጅ ከመሄዱ አንድ ወር በፊት ተተኪውን ይዞ ይምጣ፤ ከእናቲቱ ጋር አስተዋውቆ ይሂድ። አሁን የምናደርገው ፓስወርድ ማስረከብ ብቻ ነው።

የሥራው ዓይነትም አንድ ብቻ አይሁን። ቁጥር የሚወድ የአካውንቲንግ ተማሪ ሠልጥኖና የአይአርኤስን ፈተና አልፎ በቪታ ፕሮግራም የታክስ ቅጽ በነጻ መሙላት ይችላል፤ አማርኛ የሚናገር የቪታ ሰው እጅግ ይፈለጋል። ማውራት የማይወድ ልጅ በስፕሪንግፊልድ ያለውና የበርክንም ሰው የሚረዳው ኤኮ ዘንድ ምግብ ይደርድር። እዚህ ተወልዶ አማርኛው የሚደናቀፍ ልጅ ደግሞ ለዜግነቱ ጥናት እንግሊዝኛውን ክፍል ያስጠና፤ እናቲቱ ሴኔት ማለትን ከእሱ ሲማሩ እሱ "እግዜር ይስጥልኝ" ማለትን ከእሳቸው ይማራል።

ስለ ቋንቋ ካነሣሁ አይቀር ሌላውንም ልበል። ስብሰባችን በፈጣን እንግሊዝኛ ሲሆን አምና ከአገር ቤት የመጣው ልጅ ዝም ብሎ ይወጣል፤ በጥልቅ አማርኛ ቀልድ ሲሞላ እዚህ ያደገችው ልጅ ስልኳን ማየት ትጀምራለች። ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ በቤቱ የሚናገር ልጅ ደግሞ ሦስተኛ ሆኖ ዳር ይቀመጣል። ካለፉት የጦርነት ዓመታት ወዲህ በፖለቲካ ምክንያት ከክበባችን የቀሩ አባላትም አሉ፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አያነሣውም። እነሱ ሲቀሩም የጠየቃቸው አልነበረም። በአንድ ስብሰባ የአገር ቤቱን ጉዳይ እንፈታለን ብዬ አላልምም። ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ግን ትግርኛ የሚናገሩ አባትም አማርኛ የሚናገሩ እናትም ያንኑ 128 ጥያቄ ነው የሚያጠኑት። ለቀሩት ልጆች "ትግርኛ የሚያስጠና ሰው አጥተናል፣ ትመጣለህ ወይ?" ብሎ መደወል ከማንኛውም የአንድነት መግለጫ ይሻላል።

ለቀደሙት ተመራቂዎች

ይህን የምታነቡ የቀድሞ ተማሪዎች በየዓመቱ ለፓኔል ትጋበዛላችሁ፤ መጥታችሁ ስለ ስኬት ታወራላችሁ፤ እናጨበጭባለን። እናመሰግናለን። የሚያስፈልገን ግን ሌላ ነው። እኛ ሁለት ዓመት ቆይተን ስንሄድ እናንተ እዚሁ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ናችሁ። የሥራውን ደብተር የሚያውቅ፣ አዲስ አመራር ሲመጣ አንድ ቡና ጋብዞ የሆነውን የሚነግር አንድ ሰው ከእናንተ መካከል ቢኖር በየመስከረሙ ከዜሮ አንጀምርም። ጠበቃ የሆናችሁ በሴሚስተር አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ እኛ ልንመልሰው የማንችለውን ጥያቄ መልሱልን። ነርስ የሆናችሁ ለነርሲንግ የሚያመለክተውን ልጅ አብራችሁት ሥሩና የምስክር ወረቀቱን እናንተ ጻፉለት።

በዚህ አካባቢ የቆሙ ተቋማትን ብታዩ እንዲህ ነው የቆሙት። በ1983 እ.ኤ.አ. በዶክተር ፀሐዬ ተፈራ አርሊንግተን ውስጥ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስል ከኢትዮጵያ የመጡ ስደተኞችን በመርዳት ጀምሮ ዛሬ ከመላው ዓለም የሚመጡ ስደተኞችን የሚያሰፍር ድርጅት ሆኗል። አጀማመሩ ግን አዲስ ለመጣ ሰው ቤት መፈለግ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ማስመዝገብ ዓይነት ሥራ ነበር፤ እኛም ልንሠራው የምንችለው ዓይነት።

የመስከረሙ ዝርዝር አሁንም አለ። ስማቸው ተጽፎ አንድ ቀን እንኳን ያልተደወለላቸው ልጆች ስልክ ቁጥር ከነ ፊርማቸው እዚያ ላይ ነው። አዲስ ጠረጴዛ ከመዘርጋታችን በፊት ያንን ወረቀት እንካፈለው፤ ለእያንዳንዳችን አምስት አምስት ስም ይድረሰን። በዚህ ሳምንት እንደውልላቸው። የአንዲትን እናት ስምና የቅዳሜውን ሰዓት ይዘን እንደውል፤ በሁለቱም አቆጣጠር።